ቴርሞስታቱን ወደ ቦታው መልሱት

አዲስ አበባ ውስጥ ሂት የምታደርግ መኪና ይዞ ጋራዥ የገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ቴርሞስታቱን እናውጣው።» ምክንያቱም አብሮ ይነገረዋል። ቴርሞስታት ለብርድ አገር የተሠራ ነው፤ እኛ ጋ ፀሐይ ሞልቷል፤ አያስፈልግም። ከመካኒክ እስከ ሹፌር፣ ከሹፌር እስከ ባለቤት ይህን የማይል ማግኘት ይቸግራል። አሮጌ ዲኤክስ ኮሮላ ገዝተው፣ ሞተር ቀይረው፣ ራዲያተር አሳድገው፣ ፋን ጨምረው በገዛ እጃቸው መኪና የሚገነቡት ወጣቶች ዘንድ ደግሞ ጥያቄ የማይነሳበት ሕግ ሆኗል። አዲሱ ሞተር ገና ቦታው ላይ ሳይቀመጥ ቴርሞስታቱ ተነቅሎ ወለል ላይ ይጣላል።

ምክሩ ስህተት ነው። ሞተር ይጎዳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሙቀቱ ከየት እንደመጣ መፈለግን ያስቀራል። ዋናው ጠቤ ከዚህ ከመጨረሻው ጋር ነው። ቴርሞስታቱን ያወጣ ሰው ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል፤ የሙቀት ጌጁ ለጥቂት ቀን ዝቅ ብሎ ይታየዋል፤ እውነተኛው ችግር ግን እዚያው ተቀምጦ ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) እስኪያጣምም ይጠብቃል።

ስለ ዕቃው እንነጋገር። ቴርሞስታት በውስጡ ሰም የታሸገበት ትንሽ ቫልቭ ነው። ሰሙ ሲሞቅ ያብጥና ቫልቩን ገፍቶ ይከፍታል፤ ሲቀዘቅዝ ስፕሪንጉ መልሶ ይዘጋዋል። ኤሌክትሪክ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። በሰም የሚሠራው ቴርሞስታት በ1930ዎቹ ከመጣ ወዲህ አሠራሩ በመሠረቱ አልተለወጠም። ብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል፤ 95 ዲግሪ ላይ ደግሞ ቢያንስ 8 ሚሊሜትር ተከፍቶ መገኘት አለበት።

ይህን ግማሹን ሁሉም ያውቀዋል። የሚረሳው ከሥሩ ያለችው ሁለተኛዋ ክዳን ናት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ውሃው ወደ ራዲያተር አይሄድም፤ ባይፓስ በሚባለው አጭር መንገድ ከቴስታታው ወጥቶ ወዲያው ወደ ፓምፑ ይመለሳል። ሞተሩ ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር ይከፍትና በዚያው እንቅስቃሴ ታችኛዋ ክዳን ሄዳ ባይፓሱን ትዘጋለች። አንድ ዕቃ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ አንዱን መንገድ ሲከፍት ሌላውን ይዘጋል። ነቅላችሁ ስታወጡት ሁለቱም መንገዶች ክፍት ይቀራሉ። አጭሩ መንገድ ደግሞ ውሃውን ብዙም አይገታውም፤ ስለዚህ ከቴስታታው ከወጣው ትኩስ ውሃ የተወሰነው ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ሜዳ ላይ፣ ያለ ጭነት፣ የቀረው ውሃ ይበቃል። ጌጁ ዝቅ ይላል፤ ባለቤቱ ይደሰታል፤ መካኒኩ ይመሰገናል። ዳገት ሲመጣና ሞተሩ ያለውን የማቀዝቀዝ አቅም በሙሉ ሲፈልግ ግን ከአቅሙ ከፊሉ በባይፓሱ እየፈሰሰ ነው። የቶዮታ የጥገና መጻሕፍት ራሳቸው ሞተሩ የመሞቅ ጠባይ ቢኖረውም እንኳ ቴርሞስታቱን ማውጣት የማቀዝቀዝ ብቃቱን እንደሚቀንሰው ያስጠነቅቃሉ። ማስጠንቀቂያው በጣም ግልጽ ነው፤ እኛ ጋ ግን የሚያነበው ጠፍቷል።

እዚህ ላይ ከእኔ ጎን ከቆሙትም ጋር ልለያይ። «ቴርሞስታት ካልኖረ ውሃው ራዲያተሩን በፍጥነት ስለሚያልፈው ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኝም» የሚሉ አሉ። ይህም ትክክል አይደለም። ውሃው እኮ የሚዞር ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን በአንድ ዙር ራዲያተር ውስጥ የሚቆየው ግማሽ ጊዜ ይሆናል፤ ግን በዚያው ሰዓት እጥፍ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ከጊዜው ውስጥ ራዲያተር ውስጥ የሚያሳልፈው ድርሻ አልተለወጠም። እንዲያውም ፈጣን ውሃ ሙቀትን ከብረት የመቀበልም ለብረት የመስጠትም አቅሙ ይጨምራል። ትክክለኛ ሐሳብን በተሳሳተ ምክንያት መደገፍ ሐሳቡን ያዳክመዋል፤ አንድ ልምድ ያለው መካኒክ ተነሥቶ ምክንያቱን ሲያፈርሰው ሐሳቡም አብሮ የፈረሰ ይመስላል። የቴርሞስታት ጉዳይ የባይፓስ ጉዳይ ነው።

«ለብርድ አገር ነው» የሚለውን ደግሞ እንመልከት። በኅዳርና በታኅሣሥ አዲስ አበባ ውስጥ ንጋት ላይ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ቀን ብዙ ነው። ይህን እንኳ እንተወው፤ ሞቃት አገር ነው እንበል። ሞተሩ እንዲሠራ የተነደፈው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ውጭው 10 ቢሆን 35 ቢሆን ሞተሩ መድረስ ያለበት ያው ቦታ ነው። በነዳጅ ኢንጀክሽን የሚሠራ ሞተር ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ኮምፒውተሩ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጭበታል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር አጭር ርቀት ሲነዳ እዚያ ሙቀት ላይ ሳይደርስ ይውላል፤ ቤንዚኑ ሳይነድ የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ ዘይቱ ይቀጥናል፤ ብረት ይበላል። ከቦሌ ፒያሳ የሚመላለስ ሰው የነዳጁን ወጪ ሲያማርር ሞተሩ ጠዋት ሙሉ በዚህ ሁኔታ ላይ ሊሆን እንደሚችል የሚነግረው የለም። በአየር የሚቀዘቅዘው የድሮው ቮልስ እንኳ፣ አንዲት ጠብታ ውሃ የሌለው ሞተር፣ የአየሩን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ ቴርሞስታት ነበረው። ውሃ የሌለው ሞተር ካስፈለገው ውሃ ያለው እንዴት አያስፈልገውም?

አገራችን ከሌላው የምትለይበት ነገር በእርግጥ አለ፤ ግን ፀሐይዋ ሳትሆን ከፍታዋ ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን ከሞተሩ መደበኛ ሙቀት አጠገብ አስቀምጡት። ምንም ጉድለት የሌለበት ሞተር 90 እና 95 መካከል ሲሠራ፣ ግፊት የሚይዝለት ነገር ከሌለ፣ አዲስ አበባ ላይ ውሃው ይፈላል። የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ላዩ ላይ 0.9 ተብሎ የተጻፈበት ክዳን ጤነኛ ከሆነ የመፍያውን ነጥብ ወደ 114 ዲግሪ አካባቢ ይገፋዋል። ጎማው የደረቀ፣ ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን ግን ወደ 92 መልሶ ያወርደዋል። ልዩነቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ነው፤ ይህ ሁሉ ያለው ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሽ በሆነው አንድ ክዳን ላይ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ መኪና ክዳኑ ቢደክም እስከ 100 ድረስ ፋታ አለው። እኛ ፋታ የለንም። እንግዲህ ለኛ አገር የተለየ ምክር ይሰጥ ከተባለ «ቴርሞስታት አውጣ» ሳይሆን «ክዳንህን መርምር፣ ከቧንቧ ውሃም ይልቅ ኩላንት አድርግ» መሆን ነበረበት። ኩላንቱ መፍያውን ጥቂት ከፍ ያደርገዋል፤ የአሉሚኒየም ቴስታታን ከመበላትም ያድነዋል።

ከፍታው ሌላም ነገር ያደርጋል፤ ይህን የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው። ቴርሞስታት ጤነኛ መሆኑን ለማየት ድስት ውስጥ በሽቦ አንጠልጥሎ ማፍላት የታወቀ ዘዴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ክዳን በሌለው ድስት ውሃው 92 ላይ ይፈላና ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ 95 ላይ ሙሉ በሙሉ መከፈት ያለበት ቴርሞስታት ድስቱ ውስጥ ምንም ያህል ብታቆዩት በከፊል እንጂ ሙሉ በሙሉ ላይከፈት ይችላል። መካኒኩ ያየዋል፤ «አይከፍትም፣ ሞቷል» ይላል፤ ወደ ቆሻሻው ይወረውረዋል። ስንት ጤነኛ ቴርሞስታት በዚህ ፍርድ ተጥሏል! 88 ዲግሪ ላይ መከፈት የሚጀምር ዓይነት ከሆነማ ድስቱ ውስጥ ከንፈሩን ገርበብ ቢያደርግ ነው። ቴርሞሜትር ድስቱ ውስጥ ያላስገባ ሰው ፍርዱ ተቀባይነት የለውም። ቴርሞሜትሩ ስንት ሲል መላቀቅ እንደጀመረ፣ 92 ላይ ስንት ሚሊሜትር እንደሄደ ይታይ፤ ሲቀዘቅዝ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱም ይታይ።

አሁን ወደ ተቀየሩት መኪናዎች። በ1.3 ሊትሩ 4ኬ ሞተር ቦታ 1.6 ሊትሩ 4ኤ የገባበት ዲኤክስ ሲሞቅ የሚሰጠው ማብራሪያ ዝግጁ ነው፦ «ሞተሩ ትልቅ፣ ራዲያተሩ ትንሽ።» ለብዙው ሰው አሳማኝ ነው። ግን ራዲያተር የሚያወጣው ሙቀት ሞተሩ ሊሰጥ የሚችለውን ጉልበት ሳይሆን በዚያች ሰዓት እየሰጠ ያለውን ጉልበት ተከትሎ ነው የሚመጣው። ያቺኑ መኪና በ60 ኪሎሜትር ፍጥነት ሜዳ ላይ ለማስኬድ የሚያስፈልገው ጉልበት ከኮፈኑ ሥር 4ኬም ይኑር 4ኤ ያው ነው፤ ሙቀቱም ተቀራራቢ ነው። ትልቁ ሞተር ትንሹን ራዲያተር የሚያሸንፈው ባለቤቱ ያን ትርፍ ጉልበት ሲጠቀምበት፣ ረጅም ዳገት ላይ ወይም ነዳጅ ረግጦ ሲበር ነው። መገናኛ መብራት ላይ ቆሞ የሚሞቅ መኪና ራዲያተሩ ስላነሰው አይደለም የሚሞቀው።

አንዲት እንዲህ ያለች ዲኤክስ አውቃለሁ። ቴርሞስታቷ ወጥቷል፤ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ ወፍራም ራዲያተር ተገዝቶላታል፤ የሞተሩ ፋን ወጥቶ ሁለት የኤሌክትሪክ ፋን ተደርጎላት ዳይሬክት ከቁልፉ ጋር ተያይዘዋል። ያም ሆኖ ትራፊክ በያዛት ቁጥር ትሞቃለች፤ የአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ስትወጣ ደግሞ ምንም አትሆንም። ባለቤቱ የሚቀጥለው ሥራ ቴስታታ መፍታት እንደሆነ ተነግሮታል። እስቲ ነገሩን እናስተውለው፦ መኪናዋ ስትሮጥ ነፋሱ ራሱ ይገባል፤ ስትቆም ፋኑ ብቻ ይቀራል። ቆማ ትሞቃለች፣ ሮጣ ትቀዘቅዛለች ማለት ችግሩ አየሩ ላይ ነው ማለት ነው፤ ውሃው፣ ፓምፑ፣ ቴስታታው ንጹሕ ናቸው። ሞተሩ ተነሥቶ ፋኖቹ እየዞሩ ከራዲያተሩ ፊት አንድ ወረቀት ተያዘ። ወረቀቱ ራዲያተሩ ላይ መለጠፍ ሲገባው ወደ ውጭ ተገፋ። ፋኖቹ ከራዲያተሩ ኋላ ተገጥመው ፖዘቲቭና ኔጋቲቫቸው ተገለባብጦ ነበር፤ አየሩን ከሞተሩ ወደ ፊት ይነፉት ነበር። ሁለት ገመድ ተቀያየረ። ከዚያ በኋላ በፋኖቹና በራዲያተሩ መካከል የነበረው ክፍተት በላሜራ ተሸፈነ፤ አለበለዚያ ፋኑ የሚስበው ከዳር ያገኘውን የሞተር ሙቀት እንጂ በራዲያተሩ ያለፈውን አየር አይደለም። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ስስ ስለሆነ የሚባክን አየር የለንም። ቴስታታው አልተፈታም።

ይህች መኪና የምታሳየው ሙቀቱ የመጣበት ሰዓት ራሱ መልሱን ይዞ እንደሚመጣ ነው። ጥያቄው «ምን ዕቃ እንቀይር?» መሆኑ ቀርቶ «መቼ ነው የሚሞቀው?» ይሁን። መካኒኩ ኮፈን ሳይከፍት ባለቤቱን አስቀምጦ አሥር ደቂቃ ቢጠይቀው የአንድ ሳምንት መፍታትና መግጠም ይቀራል። ትራፊክ ላይ ደህና ሆና ፍጥነት ላይ ወይም ዓባይ በረሃን ወርዳ ወደ ደጀን ስትወጣ ብቻ የምትሞቅ ከሆነ ፋኑን ተዉት። ያኔ የሚጠረጠረው የውሃው ፍሰት ነው፦ ውስጡ የተደፈነ ራዲያተር፣ ክንፎቹ በዝገት የተበሉ ፓምፕ፣ የላላ ቺንጋ። ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ደግሞ የታችኛው ቱቦ ነው። ፓምፑ የሚስበው ከእሱ ስለሆነ ውስጡ ስፕሪንግ የሌለው ለስላሳ ቱቦ ሞተሩ ሲጮኽ ተጨፍልቆ መንገዱን ይዘጋል፤ ነዳጁ ሲለቀቅ ደግሞ ተመልሶ ይነፋል። ቆሞ ያየው ሰው ምንም ጉድለት አያገኝበትም። የማቀጣጠያው ታይሚንግ ወደ ኋላ የቀረበት ሞተርም ዳገት ላይ ቴስታታውን ያሞቀዋል፤ ሞተር ሲቀየር ታይሚንጉን በጆሮ ብቻ ማስተካከል የተለመደ በመሆኑ ይህን ቅድሚያ ሰጥቼ አየዋለሁ።

ጠዋት ከተነሣች ደቂቃ ሳይሞላት፣ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ፣ የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ የሚጠጥር ከሆነ ግን የቃጠሎው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል። ይህን የሚያረጋግጥ ሰማያዊ ፈሳሽ አለ፤ ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣው አየር እንዲያልፍበት ሲደረግ የቤንዚን ሞተር ጋዝ ካለ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ቴስታታ መፍታት ያለበት ይህን ያየ ሰው ነው። በጥርጣሬ የተፈታ ቴስታታ ግን አዲስ ጓርኒሲዮን፣ ቶርኖ ቤት፣ ዘይት፣ የሥራ ዋጋ ነው፤ ሲገጠም ደግሞ መኪናዋ እንደነበረችው ትሞቃለች።

በተቀየረ ሞተር ላይ ከዚህ ሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን ሙቀቱ አለ ወይ የሚለው ነው። የዳሽቦርዱ ጌጅ የድሮው መኪና ነው፤ ሴንሰሩ ከአዲሱ ሞተር ጋር የመጣ ነው። ሁለቱ ለአንዱ ሙቀት የሚሰጡት መጠን ካልተጣጣመ ጌጁ 88 ዲግሪ ላይ ያለን ሞተር ቀይ ላይ ሊያሳይ ይችላል፤ በግልባጩ እየነደደ ያለውን ሞተር መሃል ላይ ሊያስተኛው ይችላል። ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደው የማሳ ገመድ በሥራው ጊዜ ተረስቶ ከሆነም ማታ መብራት ስታበሩ ጌጁ ይዘላል። ሞተር መብራት ስለበራ አይሞቅም። በእጅ የሚያዝ የሙቀት መለኪያ ያለው ሰው ቴርሞስታቱ ቤት ላይ ይለካ፤ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ ግን ያሳንሰዋልና ቦታው ላይ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ለጥፎ ያንን ይለካ።

አየርም አለ። ሞተር ሲቀየር የላይኛው ቱቦ ወይም የሂተሩ ቱቦ ከራዲያተሩ አፍ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ አየሩ እዚያ ተሰብስቦ ይቀራል፤ ሴንሰሩ ያለበት ቦታ ከደረቀ ጌጁ እንደ ፈለገ ይወጣል ይወርዳል። የመኪናዋን አፍንጫ ዳገት ላይ አቁሞ፣ ሂተሩን ከፍቶ፣ በትዕግሥት መሙላት ነው መድኃኒቱ።

«ይህን ሁሉ ለመመርመር ጊዜ የለም፤ ደንበኛው ዛሬውኑ መኪናውን ይፈልጋል» የሚሉኝ መካኒኮች አሉ። የሚሠሩበትን ሁኔታ አውቃለሁ። ደንበኛው ለዕቃ ይከፍላል፤ ለምርመራ ክፈል ሲባል ግን ይቆጣል። ይህ የደንበኛው ጥፋት ነው፤ ጥፋቱንም ከመካኒኩ ላይ አውርጄ በባለቤቱ ላይ ማድረግ እፈልጋለሁ። ወረቀት ይዞ ከራዲያተሩ ፊት የቆመ መካኒክ ቴስታታ ከፈታው የበለጠ ሠርቷል፤ የበለጠም ሊከፈለው ይገባል። ገበያው ላይ ያለው ቴርሞስታት ጥራት የለውም፣ ተዘግቶ ይቀራል የሚለው ክርክር ደግሞ ውሸት የለበትም። መልሱ ግን ከመግጠም በፊት ድስት ውስጥ በቴርሞሜትር መፈተን ነው። ፍሬን ሸራው ጥራት የለውም ተብሎ ያለ ፍሬን የሚነዳ የለም።

ቴርሞስታት የሚወጣበት አንድ ሰዓት አለ። በረሃው መሃል ተዘግቶ የቀረ ከሆነ፣ ሞተሩ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ ከፍቶ፣ ቴርሞስታቱን አውጥቶ፣ ውሃ ሞልቶ፣ ነዳጁን ሳይረግጥ እስከሚቀጥለው ከተማ መድረስ ተገቢ ነው። ከዚያ በዚያው ሳምንት አዲሱ ይገጠማል፤ ከነጓርኒሲዮኑ፣ አየር ማውጫዋ ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ ሆና፣ ሰም ያለበት ወገን ወደ ሞተሩ ዞሮ።